ለልጆቼ የጻፍኩትን ተረት ሊያሳትሙልኝ ነው፤ ልፈርም?

«ሰላም እህቴ፤ ዓምድሽን ሁሌም አነባለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ማታ ማታ ስነግራቸው የኖርኩትን ተረት ጽፌ ጨረስኩ። ጨለማ ስለምትፈራ ትንሽ ዝሆን ነው። 3,400 ቃላት ገደማ አለው፤ ከ3 ዓመት እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ልጆቼ በጣም ወደውታል። ሥዕል የሚችል የእህቴ ልጅ አራት ሥዕሎች ሠርቶልኛል። ለአንድ አሳታሚ ብልከው በሁለተኛው ቀን ‹ድንቅ ሥራ ነው፣ እናሳትመዋለን› አሉኝ። ግን የ1000 ኮፒ ወጪ አስቀድሜ እንድከፍል፣ ውሉንም እስከ ዓርብ እንድፈርም ነገሩኝ። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ይበቃል። ባለቤቴ ቆይ ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ዕድሉ እንዳያመልጠኝ ፈራሁ። ሌላ ቦታ እንዳልልከው ሐሳቤን ይሰርቁኛል ብዬ እሰጋለሁ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ፣ ዓርብ አትፈርሚ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ ይቺን ግን መጀመሪያ ያዢልኝ። ባለቤትሽ ቆይ ያለሽ ልክ ነው። ሥራሽን ከልቡ የወደደ አሳታሚ በሚቀጥለው ወርም ይወደዋል። ዓርብ ካለፈ የማይፈልገው ከሆነ ድሮም የፈለገው መጽሐፉን አልነበረም።

ረቂቁንም ውሉንም አያይዘሽ ስለላክሽልኝ ሁለቱንም አንብቤያለሁ። የሚያስቸኩለው ውሉ ስለሆነ ከሱ ልጀምር።

አሳታሚ በመጽሐፍ ላይ የራሱን ገንዘብ ያወጣል። ለአርታዒ ይከፍላል፣ ለሠዓሊ ይከፍላል፣ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፣ መጽሐፉን መደብር ድረስ ያደርሳል። ላንቺም ይከፍልሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ሽያጭ በመቶኛ የሚታሰብ ሮያሊቲ ነው፣ አንዳንዴም ኋላ ከሮያሊቲው ላይ የሚቀነስ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል። ትርፍ የሚያገኘው አንባቢ ሲገዛ ብቻ ነው። ስለዚህ ይጠነቀቃል። ደጋግሞ ያነባል፣ ይህን ቁረጪ ያንን አስተካክዪ ይላል፣ መልስ ለመስጠት ወራት ሊፈጅበት ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አይሆንም ይላል። ከደራሲዋ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ግን አንድ ኮፒ ሳይሸጥ ትርፉን አግኝቶ ጨርሷል። እንቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ጽሑፍሽን ለማረም የሚደክምበትም ምክንያት የለውም። በሁለት ቀን የመለሱልሽ ለዚህ ይመስለኛል። የጻፉልሽን እስቲ እንደገና አንብቢው፤ ስለ ዝሆኗ አንድም ቃል የለበትም። ለማንኛውም ሰው፣ ለማንኛውም መጽሐፍ ሊላክ የሚችል ሙገሳ ነው።

በራስ ገንዘብ ማሳተም ነውር አይደለም። እንግሊዛዊቷ ቢያትሪክስ ፖተር ስለ ጥንቸሉ ፒተር የጻፈችውን ተረት አሳታሚዎች አልቀበል ሲሏት እ.ኤ.አ. በ1901 በራሷ ወጪ 250 ኮፒ አሳተመች፤ በዓመቱ አሳታሚ ድርጅት ወስዶ በቀለም አወጣው። ግን ልብ በይ፣ እሷ ስትከፍል መጽሐፉ የሷ ነበር። ያንቺ ውል አምስተኛው አንቀጽ ግን «የሥራው መብት በሁሉም ቋንቋና በማናቸውም መልክ ለዘለቄታው ለድርጅቱ ይተላለፋል» ይላል። ወጪው ያንቺ፣ መብቱ የእነሱ። ነገ ሌላ አሳታሚ ዝሆኗን ቢወዳት፣ አንድ ሰው ወደ አኒሜሽን ልቀይራት ቢል፣ አንቺ ራስሽ ሁለተኛ ክፍል ልጻፍ ብትዪ፣ ፈቃድ የምትጠይቂው ከነሱ ነው። ይህ አንቀጽ ብቻውን ላለመፈረም ይበቃል።

አሁን ወደ ተረቱ እንምጣ። ብዙ ማለት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጥሩ ነገር አለሽ፣ ግን ገና አላለቀም።

መጀመሪያ ዕድሜውን ወስኚ። ከ3 እስከ 10 የሚባል አንባቢ የለም። የ3 ዓመት ልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሰማል፣ ሥዕሉን የሚያነበው እሱ ነው፣ ቃሉን የሚያነብለት ሌላ ሰው ነው። የ7 ዓመት ልጅ ራሱ ማንበብ ጀምሯል፤ አጫጭር ምዕራፍ፣ ሰፋ ያለ ፊደል፣ ጥቂት ሥዕል ይፈልጋል። የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ወፍራም ልብ ወለድ ይዞ ጥግ ይቀመጣል፤ የትንሽ ዝሆን ተረት ስትሰጪው ሕፃን አደረግሽኝ ብሎ ይቀየምሻል። ጨለማ መፍራትም፣ ዝሆኗም፣ የምትናገርበት መንገድም የሚስማማው ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ያንቺ መጽሐፍ የሥዕል መጽሐፍ ነው ማለት ነው።

የሥዕል መጽሐፍ ደግሞ ልክ አለው። አብዛኛው 32 ገጽ ነው። ይህ የመጣው ከማተሚያው ነው፤ ትልቁ ወረቀት ታትሞ ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ስለሚወጣው 32 ያለ ብክነት ይገጥማል። ከዚያ ላይ ርዕሱ፣ የቅጂ መብቱ ገጽና መታሰቢያው ሲቀነሱ ለተረቱ የሚቀሩሽ 12 ወይም 14 ጥንድ ገጾች ናቸው። ቃላቱ ዛሬ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ከ500 አይበልጡም። አንቺ 3,400 አለሽ። አትደንግጪ። ግማሹ ሠዓሊው የሚሠራው ሥራ ነው። «ግራጫ፣ ትልልቅ ጆሮ ያላት፣ ጅራቷ አጭር የሆነ ዝሆን ነበረች» ብለሻል፤ ልጁ እኮ ሥዕሉ ላይ እያያት ነው! ጫካው እንዴት እንደሚመስል አንድ ሙሉ ገጽ አለ፤ አውጪው። «በጣም አዘነች» የሚለውም ይውጣ፣ ፊቷ ይናገር። ቃል የሚያስፈልገው ሥዕል ለማይችለው ነገር ነው። ድምፅ፣ ሽታ፣ ያለፈ ጊዜ፣ ዝሆኗ በልቧ የያዘችው ምሥጢር፣ እነዚህን ጻፊ።

ቀሪው ትርፍ ደግሞ የእናትየው ምክር ነው። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ። ዝሆኗ ትፈራለች፣ እናቷ መጥታ ሁለት ገጽ ሙሉ ትመክራታለች፣ ዝሆኗ ገባኝ ትላለች፣ ፍርሃቱ ይጠፋል። የፈራ ልጅ ተመክሮ ፍርሃቱ ሲጠፋ አይተሽ ታውቂያለሽ? ልጆችም አላዩም፤ ስለዚህ አያምኑትም። ችግሩ የልጅየዋ ከሆነ መፍትሔውንም እሷ ታግኘው። ትልቅ ሰው አጠገቧ መኖር ይችላል፣ ማቀፍ ይችላል፣ መፍታት ግን የለበትም። ትሞክር፣ ይበላሽባት፣ ደግማ ትሞክር፣ ይባስባት፣ ከዚያ አንድ ነገር ይምጣላት። የሥዕል መጽሐፍ ሲሳካ ትንሽ ሰው ትልቅ ነገር ሲያደርግ ያሳያል፤ ጭን ላይ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ያቺ ትንሽ እኔ ነኝ ይላል።

ደስ የሚለው፣ መፍትሔውን አንቺው ጽፈሽዋል፤ አላየሽውም እንጂ። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ዝሆኗ ዓይኗን ትጨፍንና «ይሄኛው ጨለማ የኔ ነው፤ ስፈልግ እከፍተዋለሁ» ትላለች። እህቴ፣ እዚህ ጋ ስደርስ ማንበብ አቁሜ ተመለስኩበት። ይህን የምታስብ የምትፈራ ልጅ ብቻ ናት። አንቺ ግን በአንድ መስመር አልፈሽው ወደ እናትየው ምክር ሮጥሽ። ተረቱ እኮ ይሄ ነው! ዓይኗን መጨፈን ትማር። መጀመሪያ ለአንድ ቅጽበት፣ ከዚያ ትንሽ ረዘም አድርጋ፣ ከዚያ ውጭ ቆማ። አንዴ ጨፍና ስትከፍት የውጩ ጨለማ ከሷኛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ታግኘው። እንዴት እንደምታደርጊው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ የምልሽ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ ለዚህች መስመር ብለሽ አጽጂላት ነው።

መጨረሻው ላይ ያለው «ልጆች፣ እናንተም የወላጆቻችሁን ምክር ስሙ» የሚለው ይጥፋ። ልጅ ተረት ስሚ ብለሽ አስቀምጠሽው ስብከት ስትሰጪው ወዲያው ያውቃል፤ ሁለተኛ አንብቢልኝ አይልም። የልጆች መጽሐፍ ዕድሜው ያለው «ደግመሽ አንብቢልኝ» ላይ ነው። ትምህርት አይኑረው ማለቴ አይደለም። ዝሆኗ ያደረገችው ራሱ ትምህርቱ ነው።

አንዳንዱ ቦታ ቤት ይመታል፣ አንዳንዱ ቦታ አይመታም። ወይ ሁሉንም፣ ወይ ምንም። ቤት ለማስመታት ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን የገለበጥሽባቸው ቦታዎች ሲነበቡ ምላስ ይይዛሉ፣ አንዳንዴም የማትፈልጊውን ነገር እንድትዪ አስገድደውሻል። እኔ ብሆን ግጥሙን ትቼ በየጥቂት ገጹ የምትመለስ አንድ አጭር መስመር አደርግ ነበር፤ ልጆች አብረው የሚሉት ዓይነት። «የኔ ነው፣ እከፍተዋለሁ» የምትለዋ ራሷ ለዚህ ትሆናለች።

ከዚያ ስምንት ወረቀት አንድ ላይ ደርበሽ መሃል ለመሃል እጠፊ፤ 32 ገጽ ይሆንልሻል። ጽሑፉን በየገጹ በእርሳስ ከፋፍይው። ይህን ሳታደርጊ ተረቱ ይሠራ አይሠራ አታውቂም። የትኛው ገጽ ላይ ምንም አዲስ ነገር እንዳልተፈጠረ፣ የትኛው ላይ አራት ነገር እንደተጨናነቀ ወዲያው ይታይሻል። ገጽ መገልበጥንም ተጠቀሚበት። ጥያቄውን በቀኝ ገጽ ጨርሺ፣ መልሱ ሲገለበጥ ይምጣ። «ከዛፉ ጀርባ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ» ብለሽ እዚያው ገጽ ላይ ጥንቸል ነበረች ካልሽ ልጁ የሚጠብቀውን ነጠቅሽው።

ልጆቼ ወደዱት ያልሽው እውነት ነው፣ ደስም ይላል፤ ግን የሚወዱት አንቺን፣ ድምፅሽንና መኝታ ሰዓትን ጭምር ነው። የማያውቁሽ ልጆች ይስሙት። አንቺ አታንቢው፤ ጽሑፉን አይቶ የማያውቅ ሰው ያንብብላቸው፣ አንቺ ጥግ ላይ ቁጭ ብለሽ እዪ። አንባቢው የተደናቀፈበትን መስመር ምልክት አድርጊ፣ ያ መስመር ነው የተበላሸው። ልጆቹ መስኮት ማየት የጀመሩበትንም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ «ወደዳችሁት?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ልጅ ትልቅ ሰው ለማስደሰት አዎ ይላል። ይልቅ «ምን ሆነች?» በያቸው። የሚነግሩሽ የያዙትን ነው፤ ያልነገሩሽ አልገባቸውም ወይም አላስፈለጋቸውም።

ስለ እህትሽ ልጅ። ለአሳታሚ የምትልኪ ከሆነ ጽሑፉን ብቻ ላኪ። አሳታሚዎች ሠዓሊ ራሳቸው መምረጥ ይወዳሉ፤ ጽሑፉን የወደዱት በሥዕሉ ምክንያት ሊመልሱት ይችላሉ። በራስሽ የምታሳትሚ ከሆነ ግን እሱን ማሠራት ትችያለሽ። እጁ ጥሩ ነው። ችግሩ አራቱ ሥዕሎች ላይ ያለችው ዝሆን አራት የተለያየች ዝሆን መሆኗ ነው፤ ጆሮዋም ቁመቷም ይለያያል። ልጆች ይህን ከኛ ቀድመው ያያሉ። ገጾቹን ከመጀመሩ በፊት ዝሆኗን ብቻዋን ይሣላት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትሮጥ፣ ስትተኛ፣ ስታለቅስ። አንድ እስክትሆን ድረስ ይደጋግማት። ፋይሎቹ መጽሐፉ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት፣ የሥዕል ጥራት መለኪያ) ይሁኑ፣ በዙሪያው ለመቁረጫ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይኑር፣ ፊትና ዓይን ገጾቹ የሚገናኙበት መሃል ላይ አይውደቁ። ስክሪን ላይ ያየሽው ደማቅ ቀለም ወረቀት ላይ ደብዘዝ እንደሚልም ከአሁኑ እወቁት፤ ሌሊት የሚበዛበት መጽሐፍ ስለሆነ ጨለማው ጥቁር ጭቃ እንዳይሆን ናሙና አስወጥታችሁ እዩ። ዘመድ ነው ብለሽ ደግሞ ስምምነቱን በወሬ አትተዪው። የሣለው ሥዕል መብቱ በመሠረቱ የሱ ነው። ስንት ይከፈለዋል፣ በአንዴ ነው ወይስ ከሽያጭ፣ ዝሆኗ ቲሸርት ላይ ብትወጣስ፣ ስሙ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል ወይ? (ይጻፍለት፤ የሥዕል መጽሐፍ ግማሹ የሠዓሊው ነው።) አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ሌብነቱን ብዙ አትፍሪው። ሐሳብ የማንም አይደለም፤ ጨለማ ስለምትፈራ ዝሆን ነገ ሌላ ሰው ቢጽፍ ልትከሽው አትችይም። የተጻፈው ጽሑፍ ግን፣ ቃሉና አካሄዱ፣ ያንቺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመውና ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች አባል የሆኑበት የበርን ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት ይህን ጥበቃ ያለ ምዝገባ ይሰጣል፤ ጥበቃውም በጥቅሉ ቢያንስ በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የምትኖሪበትን አገር የቅጂ መብት ሕግም አውጥተሽ አንብቢው። ረቂቆችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፣ የላክሻቸውን ኢሜይሎች አትሰርዢ። ስርቆት ፈርቶ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ጽሑፍ ይልቅ መብትሽን በፊርማ ከሚወስድ ውል ተጠንቀቂ።

ከተስተካከለ በኋላ ወዴት ይሂድ? እንዳንቺ ዓይነት መጽሐፍ የሚያወጡትን ፈልጊ። የልጆች መጽሐፍ ያለበት ቦታ ሄደሽ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሆኑትን አገላብጪ፣ የውስጥ ገጹ ላይ አሳታሚው ማን እንደሆነ ጻፊ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ረቂቅ እንዴት እንደሚቀበል ጠይቂ። ለብዙ አሳታሚ በአንዴ መላክን የሚከለክል ደንብ ከሌላቸው ለሦስት ለአራት በአንዴ ላኪ። ሸኚ ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ተረቱ ስለምን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ፣ ስንት ቃል እንደሆነ፣ አንቺ ማን እንደሆንሽ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እየጠበቅሽ ሁለተኛውን ጻፊ።

በራሴ አሳትማለሁ ካልሽም ያጠራቀምሽው ገንዘብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አርታዒ ነው፤ ለልጆች የሚጻፍ ነገር የሚያውቅ አርታዒ። ሥዕልና የገጽ ቅንብር ከዚያ ይከተላሉ፣ ኅትመት መጨረሻ ነው። ማተሚያ ቤቶችን በቀጥታ ዋጋ ጠይቂ፤ ለሁሉም ያው የገጽ ብዛት፣ ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም፣ ያው ጥረዛ ንገሪያቸው፣ ካልሆነ ዋጋውን ማወዳደር አትችይም። ብዙ ስታሳትሚ የአንዱ ኮፒ ዋጋ ይወርዳል፣ እውነት ነው፤ ግን 1000 መጽሐፍ ቤትሽ ውስጥ ተከምሮ ርካሽ አይደለም። አከፋፋይ ሳይኖርሽ በዲጂታል ማተሚያ በ100 ወይም በ200 ጀምሪ። የተጠረዘ አንድ ናሙና እጅሽ ገብቶ ሳታገላብጪው ቀሪውን አትሙ አትበያቸው። ባለ 13 አሃዙን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ ደግሞ በራስሽ ስም አውጪ፤ ቁጥሩ በማን ስም እንደወጣ፣ አሳታሚ ሆኖ የሚመዘገበው እሱ ነው።

ለዓርቡ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ስለ ተረቱ ያላችሁን የአርትዖት አስተያየት በጽሑፍ ላኩልኝ። ከዚህ በፊት ያሳተማችኋቸውን ሦስት የልጆች መጻሕፍትና የሚሸጡበትን መደብር ንገሩኝ። የ1000 ኮፒውን ወጪ በዝርዝር አሳዩኝ። አምስተኛው አንቀጽ ተሰርዞ የሥራው መብት ከኔ ጋር ይቆይ። እነዚህን ሳላገኝ አልፈርምም።» ጨዋ ደብዳቤ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። መልሳቸው ሲመጣ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን። ዝሆኗንም ከ500 ቃላት በታች ስታደርሻት ላኪልኝ፤ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ያለው ነገር የት እንደደረሰ ማየት እፈልጋለሁ።